ክሎሪንን የሰየሙት ሊቅ፦ የሰር ሃምፍሪ ዴቪ ሕይወትና ሥራ

በየቤቱ ጓዳ የገበታ ጨው አለ፤ በየልብስ ማጠቢያው ስፍራ በረኪና አለ። በከተሞች ቧንቧ የሚወርደው ውሃ ከበሽታ አምጪ ተሕዋስያን የሚጠበቀው አብዛኛውን ጊዜ በክሎሪን ታክሞ ነው። ሕፃን በተቅማጥ ሲዳከም ከጤና ተቋማት የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ.ም በውስጡ ሶድየም ክሎራይድና ፖታሽየም ክሎራይድ ይዟል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ንጥረ ነገር በተለያየ መልክ ይገኛል፤ እርሱም ክሎሪን ነው።

ጨው ምግብ ያጣፍጣል፤ በረኪና ግን ቢጠጣ ይጎዳል፤ የክሎሪን ጋዝ ደግሞ ሳንባን ያቃጥላል። የንጥረ ነገሩ ጠባይ እንዲህ የሚለያየው የክሎሪን አቶም ከሌሎች አቶሞች ጋር በሚፈጥረው ትስስር ምክንያት ነው። ለዚህ ዕውቀት በር ከከፈቱት ሊቃውንት መካከል እንግሊዛዊው ኬሚስት ሰር ሃምፍሪ ዴቪ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ክሎሪን ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር መሆኑን በሙከራ ያሳዩትና ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያወጡለት እርሳቸው ናቸው። ይህ ጽሑፍ የሊቁን የሕይወት ታሪክ፣ የክሎሪንን ባሕርይና ኅብረተሰቡ ክሎሪን ነክ ምርቶችን ሲጠቀም ማድረግ የሚገባውን ጥንቃቄ አጣምሮ ያቀርባል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና የሙያ ጅማሮ

ሃምፍሪ ዴቪ በታኅሣሥ 17 ቀን 1778 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በኮርንዎል አውራጃ በምትገኘው ፔንዛንስ የተባለች የወደብ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሮበርት ዴቪ እንጨት በመቅረጽ ሙያ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። ሃምፍሪ ከአምስት ልጆች የመጀመሪያው ሲሆኑ፣ በልጅነታቸው ግጥም መግጠምና ለእኩዮቻቸው ተረት መተረት፣ በወንዝ ዳር ዓሣ ማጥመድና ያገኙትን ሁሉ ቀላቅሎ መሞከር ይወዱ ነበር።

በ1794 አባታቸው ዕዳ ጥለው ዐረፉ። እናታቸው ግሬስ አምስት ልጆች የማሳደግና ዕዳ የመክፈል ሸክም ወደቀባቸው። የ16 ዓመት ወጣት የነበሩት ሃምፍሪም በቀጣዩ ዓመት በከተማው በቀዶ ሕክምናና በመድኃኒት ቅመማ ይሠሩ በነበሩ አንድ ባለሙያ ዘንድ በረዳትነት ተቀጠሩ። ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ የሚማሩትን የትምህርት ዓይነት በዝርዝር ጽፈው፣ ቋንቋውንም፣ ሒሳቡንም፣ ፍልስፍናውንም በየተራ ለብቻቸው ማጥናት ያዙ። በ19 ዓመታቸው የፈረንሳዊውን ሊቅ የአንቷን ላቯዚዬን የኬሚስትሪ መጽሐፍ በፈረንሳይኛ አነበቡ። ያ መጽሐፍ የሕይወታቸውን አቅጣጫ ወሰነ። ከዓመታት በኋላ ግን የዚያው መጽሐፍ አንድ ዐቢይ ሐሳብ በራሳቸው በዴቪ ሙከራ ሊፈርስ ነበር።

በብሪስቶል የተገኘውና የታለፈው ዕድል

በ1798 መገባደጃ ዴቪ ገና 20 ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ብሪስቶል ከተማ ተጠሩ። በዚያ ሐኪሙ ቶማስ ቤዶስ የተለያዩ ጋዞችን ለሕክምና መጠቀም ይቻል እንደሆነ የሚመረምር ተቋም አቋቁመው ነበር። ዴቪ የተቋሙን ቤተ ሙከራ እንዲመሩ ተደረገ። ሙከራቸውን የሚያደርጉት በአብዛኛው በገዛ ገላቸው ላይ ነበር። ካርቦን ሞኖክሳይድ ያለበትን ጋዝ በመሳባቸው ለሞት ተቃርበው መትረፋቸውም ይታወቃል።

በዚህ ጊዜ ከመረመሯቸው ጋዞች አንዱ በኋላ አሳቂ ጋዝ ተብሎ የታወቀው ናይትረስ ኦክሳይድ ነው። በ1800 ባሳተሙት መጽሐፍ ጋዙ የሕመም ስሜትን እንደሚያጠፋና ብዙ ደም በማይፈስባቸው ቀዶ ሕክምናዎች ሊጠቅም እንደሚችል ጠቆሙ። ሐሳቡን ግን እርሳቸውም አልገፉበትም፤ ሐኪሞችም አልተከታተሉትም። ማደንዘዣ በቀዶ ሕክምና ሥራ ላይ የዋለው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሕሙማን ነፍሳቸውን እያወቁ በቢላዋ ሲቀደዱ ኖረዋል። በመጽሐፍ የሰፈረ ዕውቀት ወደ አገልግሎት የሚያሸጋግረው ሰው ካላገኘ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ይህ ክስተት በጉልህ ያሳያል።

ኤሌክትሪክ ውህድን ሲፈታ

በ1801 ዴቪ በለንደን ወደተቋቋመው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ተዛወሩ፤ በቀጣዩ ዓመትም የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆኑ። የሚሰጡት የሕዝብ ትምህርት በሙከራ የታጀበና አንደበተ ርቱዕ ስለነበር፣ ወንዱም ሴቱም አዳራሹን ሞልቶ ይከታተላቸው ነበር።

ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ባትሪ ይፋ ያደረጉት በ1800 ነበር። ዴቪ ይህን መሣሪያ ውህዶችን ለመፍታት ተጠቀሙበት። የኬሚካል ትስስርና ኤሌክትሪክ ሥራቸው አንድ ነው የሚል ግምት ነበራቸው፤ አቶሞችን አጣብቆ የሚይዘው ኃይል ኤሌክትሪካዊ ከሆነ፣ የበረታ ኤሌክትሪክ ያንን ትስስር ሊያላቅቀው ይገባል ብለው አሰቡ። ሐሳቡን በ1806 ለሮያል ሶሳይቲ ባቀረቡት ጥናት አብራሩ። እንግሊዝና ፈረንሳይ በጦርነት ላይ የነበሩ ቢሆንም፣ የፈረንሳይ የሳይንስ ማኅበር በቀጣዩ ዓመት ለዚህ ሥራ ሽልማት ሰጣቸው።

በጥቅምት 1807 ግምታቸው በተግባር ተረጋገጠ። በጥቂቱ በረጠበ ፖታሽ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፉ ሜርኩሪ የሚመስሉ አንጸባራቂ ጠብታዎች ብቅ አሉ፤ ከፊሎቹም እየፈነዱ በደማቅ ነበልባል ተቃጠሉ። ይህ ፖታሽየም ነበር። ረዳታቸው የነበሩት የአጎታቸው ልጅ ኤድመንድ እንደመሰከሩት፣ ዴቪ በቤተ ሙከራው ውስጥ በደስታ ዘለሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በተመሳሳይ መንገድ ከኮስቲክ ሶዳ ሶድየምን ለዩ። ወዲያው በጽኑ ታመው ለሳምንታት በሞትና በሕይወት መካከል ቆዩ። ካገገሙ በኋላ በ1808 ካልሲየምን፣ ማግኒዥየምን፣ ስትሮንሺየምንና ባሪየምን ለይተው አወጡ። ከዚያ በፊት እነዚህን ብረታ ብረቶች ነጥሎ ያያቸው ሰው አልነበረም።

የአረንጓዴው ጋዝ ክርክር

ክሎሪንን በቤተ ሙከራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙት ዴቪ አይደሉም። ስዊድናዊው መድኃኒት ቀማሚ ካርል ቪልሄልም ሼለ በ1774 የማንጋኒዝ ማዕድንን ከጨው በሚገኝ አሲድ በማሞቅ ቢጫ የተቀላቀለበት አረንጓዴ ጋዝ አግኝተው ነበር። ጋዙ ሽታው ያንቃል፤ የአበባን ቀለም ያጠፋል፤ ብረታ ብረትን ይበላል። ፈረንሳዊው ክሎድ ሉዊ ቤርቶሌም ጋዙ ጨርቅ ለማንጣት እንደሚውል አሳዩ፤ ቤርቶሌ የጀመሩት የማንጣት ሥራም ዛሬ በረኪና ለሚባለው ምርት መሠረት ሆነ።

ጋዙ በጥቅም ላይ ቢውልም ምንነቱ አልታወቀም ነበር። ላቯዚዬ ማንኛውም አሲድ ኦክስጅን አለው ብለው አስተምረው ነበርና፣ ሊቃውንቱ ይህ ጋዝ ኦክስጅንና ገና ያልታወቀ አንድ ነገር የተዋሐዱበት ውህድ ነው ብለው አመኑ። ስሙንም በዚሁ እምነት መሠረት አወጡለት። የላቯዚዬ ክብር ታላቅ ስለነበር አስተምህሯቸውን ለመጠራጠር የሚደፍር ጥቂት ነበር። በ1809 ፈረንሳውያኑ ጌ ሉሳክና ቴናር ጋዙን በጋለ ከሰል ላይ አሳልፈው ኦክስጅኑን ሊያወጡ ሞከሩ፤ አልወጣላቸውም። ጋዙን እንደ ንጥረ ነገር መቁጠር እንደሚቻል ቢያስተውሉም፣ የቆየውን እምነት መተው ግን አልፈለጉም።

ዴቪ ተመሳሳይ ሙከራዎችን ደጋግመው አደረጉ። ከሰልን በባትሪ ኃይል ነጭ እስኪሆን አግለው በጋዙ ውስጥ አኖሩት። ኦክስጅን ቢኖር ኖሮ ከከሰሉ ጋር ተዋሕዶ የካርቦን ጋዝ ይፈጠር ነበር፤ ነገር ግን አንዳችም አልተፈጠረም። ራሳቸው ባገኙት ፖታሽየም ሲሞክሩ ብረቱ በጋዙ ውስጥ ተቃጥሎ ደረቅ ጨው ሆነ፤ ኦክስጅንም ውሃም አልተገኘም። ጋዙን እኩል ይዘት ካለው ሃይድሮጅን ጋር ሲያዋሕዱት ደግሞ ውሃ ሳይሆን አሲድ ብቻ ሆነ። ይህም ኦክስጅን የሌለው አሲድ መኖሩን አስረዳ።

በ1810 ዴቪ ውጤታቸውን ለሮያል ሶሳይቲ አቀረቡ። ጋዙን ወደ ሌላ ነገር መለየት እስካልተቻለ ድረስ በንጥረ ነገርነት መቆጠር እንዳለበት ገለጹ። ስሙም በማንም ግምት ላይ ሳይሆን ሁሉም ሰው በዓይኑ በሚያየው ቀለም ላይ እንዲመሠረት ፈለጉ፤ ስለዚህ ቢጫማ አረንጓዴ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ወስደው ክሎሪን አሉት። የተቃወሟቸው ሊቃውንት ብዙ ነበሩ። ከዓመታት ክርክር በኋላ ግን ከተቃዋሚዎቹ አብዛኞቹ በማስረጃው ተረቱ።

የክሎሪን አቶም እንዴት ይተሳሰራል?

ዴቪ ኤሌክትሪክ የትስስር ምሥጢር መሆኑን ቢገምቱም፣ እንዴት እንደሆነ ለማየት አልታደሉም። ኤሌክትሮን የተገኘው በ1897 ነው። የአቶሞች ትስስር በኤሌክትሮን አማካይነት የተብራራው ደግሞ በ1916 በጀርመናዊው ቫልተር ኮሰልና በአሜሪካዊው ጊልበርት ሉዊስ ጥናቶች ነው።

የክሎሪን አቶም 17 ኤሌክትሮኖች አሉት። እነዚህም ከውስጥ ወደ ውጭ በሦስት እርከኖች 2፣ 8 እና 7 ሆነው ይደረደራሉ። የውጨኛው እርከን በ8 ኤሌክትሮኖች ሲሞላ አቶሙ ይረጋጋል። ለክሎሪን የሚጎድለው አንድ ብቻ ነው። ይህች አንዲት ጉድለት የክሎሪንን ጠባይ በአብዛኛው ትወስናለች፤ ክሎሪን ጉድለቱን የሚሞላው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ከሌላ አቶም ኤሌክትሮን መውሰድ ነው። የሶድየም አቶም 11 ኤሌክትሮኖች ሲኖሩት አደራደራቸው 2፣ 8 እና 1 ነው፤ በውጭ ያለችውን አንዷን በቀላሉ ይለቃል። ሶድየምና ክሎሪን ሲገናኙ ያች ኤሌክትሮን ከሶድየም ወደ ክሎሪን ትሻገራለች። የለቀቀው ሶድየም ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው አዮን፣ የተቀበለው ክሎሪን ደግሞ ነጌቲቭ ቻርጅ ያለው አዮን ይሆናል፤ ይህ ሁለተኛው ክሎራይድ ይባላል። ተቃራኒ ቻርጆች ስለሚሳሳቡ አዮኖቹ ተያይዘው ይደረደራሉ። ይህም አዮናዊ ቦንድ ነው። በጨው እንክብል ውስጥ እያንዳንዱ የሶድየም አዮን በስድስት የክሎራይድ አዮኖች፣ እያንዳንዱ ክሎራይድም በስድስት የሶድየም አዮኖች ይከበባል። ጨው ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚጠይቀው በዚህ ጽኑ አደራደር ምክንያት ነው። ከአፋር ጨዋማ ሜዳ ተጠርቦ በግመል እየተጫነ ለዘመናት ለገበያ የቀረበውና እንደ ገንዘብም ያገለገለው አሞሌ ጨው ይኸው ሶድየም ክሎራይድ ነው።

ሁለት ኤሌክትሮኖችን የሚለቁ እንደ ማግኒዥየምና ካልሲየም ያሉ ብረታ ብረቶች ሲሆኑ፣ አንዱ አቶም ለሁለት የክሎሪን አቶሞች አንድ አንድ ኤሌክትሮን ያድላል። በመሆኑም በማግኒዥየም ክሎራይድና በካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ ለአንድ የብረት አዮን ሁለት የክሎራይድ አዮኖች ይገኛሉ።

ሁለተኛው መንገድ መጋራት ነው። ሁለት የክሎሪን አቶሞች ሲገናኙ ሁለቱም ፈላጊ እንጂ ለቃቂ አይደሉም። ስለዚህ እያንዳንዳቸው አንድ ኤሌክትሮን አዋጥተው ጥንዱን በጋራ ይይዛሉ። ይህ ኮቫለንት ቦንድ ይባላል። የክሎሪን ጋዝ ከእንዲህ ዓይነት ጥንድ አቶሞች የተሠራ ነው። በአንዱ ጥንድና በሌላው ጥንድ መካከል ያለው መሳሳብ ደካማ በመሆኑ፣ ክሎሪን በመደበኛ የአየር ግፊት ከዜሮ በታች ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ ጋዝ ነው።

ክሎሪን ከሃይድሮጅን ጋር ሲጋራ ጥንዷን ኤሌክትሮን አጥብቆ ወደ ራሱ ይስባታል። የተፈጠረው ሃይድሮጅን ክሎራይድ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይላቀቅና ሃይድሮጅኑ በፖዘቲቭ፣ ክሎሪኑ በነጌቲቭ አዮንነት ይለያያሉ። ይህ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲሆን፣ በሰው ጨጓራ ውስጥ ምግብን ለመፍጨት የሚረዳውም እርሱ ነው። ዴቪ ኦክስጅን እንደሌለው ያሳዩትም ይህንኑ አሲድ ነበር።

አደጋውና የፋራዳይ መምጣት

በሚያዝያ 1812 ዴቪ የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው፤ ከሦስት ቀናት በኋላም ጄን አፕሪስ የተባሉ ባለጸጋ ሴት አገቡ። በዚያው ዓመት መኸር ግን ከባድ አደጋ ደረሰባቸው። ሦስት የክሎሪን አቶሞች ከአንድ የናይትሮጅን አቶም ጋር የሚተሳሰሩበትን ናይትሮጅን ትራይክሎራይድ የተባለ ቅባት መሰል ፈሳሽ ሲመረምሩ ፈነዳ፤ የመስታወት ስብርባሪም ዓይናቸውን ጎዳው። ፈሳሹን በ1811 ያገኙት ፈረንሳዊ ፒዬር ዱሎን በተመሳሳይ ፍንዳታ አንድ ዓይናቸውንና ጣቶቻቸውን አጥተው ነበር። የናይትሮጅንና የክሎሪን ትስስር ደካማ በመሆኑ በትንሽ ንክኪ ይበተናል፤ አቶሞቹም ወደ ጽኑ ትስስር ሲመለሱ ብዙ ኃይል በአንድ ጊዜ ይለቀቃል።

ዴቪ ዓይናቸው ታሞ መጻፍ ባቃታቸው ጊዜ በጸሐፊነት የረዳቸው የመጽሐፍ ጠራዥ ተለማማጅ የነበረ ወጣት ነው። ይህ ወጣት ማይክል ፋራዳይ ነበር። የዴቪን ትምህርቶች ተከታትሎ ማስታወሻውን በጥሩ ሁኔታ ጠርዞ ስለላከላቸው፣ በመጋቢት 1813 በሮያል ኢንስቲትዩሽን በቤተ ሙከራ ረዳትነት ተቀጠረ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ሁለቱ ከዴቪ ባለቤት ጋር ወደ አውሮፓ አህጉር ተጓዙ። ጦርነቱ ገና ያልበረደ ቢሆንም ናፖሊዮን የይለፍ ፈቃድ ሰጥተዋቸው ነበር። ዴቪ በፓሪስ አዮዲን የክሎሪን ዘመድ የሆነ ንጥረ ነገር መሆኑን አረጋገጡ፤ በፍሎረንስም አልማዝን በፀሐይ ጨረር አቃጥለው ከካርቦን የተሠራ መሆኑን አሳዩ።

ፋራዳይ ከጌታቸው ያልተናነሱ ሊቅ ሆኑ። በ1823 ክሎሪንን ወደ ፈሳሽነት ለወጡ፤ በ1834 ደግሞ በኤሌክትሪክ ኃይል ወዲህና ወዲያ ለሚጓዙት ቅንጣቶች አዮን የሚለውን ስም ወደ ሳይንስ አስገቡ። ሆኖም በ1824 ፋራዳይ ለሮያል ሶሳይቲ አባልነት ሲታጩ፣ በወቅቱ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዴቪ ምርጫውን ተቃውመው ነበር። ፋራዳይ ተቃውሞው እያለም ተመረጡ። ይህ ድርጊት በዴቪ የሕይወት ታሪክ ውስጥ እንደ ጥላ ይታያል። ተተኪን ማፍራት አንድ ነገር ሲሆን፣ ተተኪው ሲልቅ ደስ ብሎ መቀበል ሌላ ነገር ነውና።

ለማዕድን ሠራተኞች የተበረከተ ፋኖስ

በግንቦት 1812 በሰሜን እንግሊዝ በፌሊንግ የድንጋይ ከሰል ማዕድን በተነሣ ፍንዳታ 92 ወንዶችና ልጆች አለቁ። በዋሻው የሚጠራቀመው ሜቴን ጋዝ በሠራተኞቹ መብራት ነበልባል ይቀጣጠል ስለነበር፣ የአካባቢው ሰዎች በ1815 የዴቪን ርዳታ ጠየቁ።

ዴቪ የጋዙን ናሙና አስመጥተው በጥቂት ወራት ውስጥ መፍትሔ አገኙ። ነበልባል በጥብቅ የተጠለፈ የሽቦ ወንፊት አልፎ አይሄድም፤ ሽቦው ሙቀቱን ስለሚበትነው ከውጭ ያለው ጋዝ እስከሚቀጣጠልበት ደረጃ አይግልም። በመሆኑም የፋኖሱን ነበልባል በሽቦ ወንፊት ከበቡት። ወዳጆቻቸው የፈጠራ ባለቤትነት መብት እንዲያወጡና በገንዘብ እንዲጠቀሙ ቢመክሯቸውም አልፈለጉም፤ ፋኖሱን ማንም ሰው እንዲሠራውና እንዲጠቀምበት ፈቀዱ። በዚያው ጊዜ ጆርጅ ስቲቨንሰንም የራሳቸውን የደኅንነት ፋኖስ ሠርተው ስለነበር፣ በቀዳሚነት ጉዳይ የመረረ ክርክር ተነሣ። ፋኖሱ የብዙዎችን ሕይወት ቢታደግም፣ አንዳንድ የማዕድን ባለቤቶች በእርሱ ተማምነው ቀድሞ በአደገኝነታቸው የተተዉ ዋሻዎችን ዳግም በመክፈታቸውና ወንፊቱ ሲበላሽ ባለመቀየሩ አደጋው ፈጽሞ አልቆመም። መሣሪያ ብቻውን ደኅንነትን አያረጋግጥም፤ በአግባቡ መያዝና መቆጣጠርም ያስፈልጋል።

የመጨረሻ ዓመታት

ዴቪ በ1818 የባሮኔትነት ማዕረግ አገኙ፤ በ1820 የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ። የጦር መርከቦችን የመዳብ ልባስ ከባሕር ውሃ ብልሽት ለመጠበቅ በላዩ ላይ ሌላ ብረት የማያያዝ ዘዴንም አስተዋወቁ። መዳቡ በእርግጥ ከመበላት ዳነ፤ ነገር ግን የባሕር ፍጥረታት በመርከቡ ላይ እየተጣበቁ ጉዞውን ስላጓተቱት ዘዴው በጊዜው ተተወ። ሐሳቡ ግን አልሞተም፤ በአሁኑ ዘመን የመርከቦችንና ከመሬት በታች የተቀበሩ ቧንቧዎችን ዝገት ለመከላከል ይሠራበታል።

በ1826 መገባደጃ በደም ሥር መታወክ ምክንያት አካላቸው ሰነፈ፤ በቀጣዩ ዓመትም ፕሬዚዳንትነቱን ለቀቁ። ቀሪውን ጊዜ በአውሮፓ እየተዘዋወሩ፣ እየጻፉና ዓሣ እያጠመዱ አሳለፉ። በግንቦት 29 ቀን 1829 በስዊዘርላንድ ጄኔቫ በ50 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ሥርዓተ ቀብራቸውም በዚያው ተፈጸመ። ለፋኖሱ ውለታ ከማዕድን ባለቤቶች የተሰጣቸው የብር ዕቃ ከቤተሰቡ በኋላ ለሮያል ሶሳይቲ ተላልፎ፣ በስማቸው የሚሰጠው የኬሚስትሪ ሜዳሊያ መነሻ ሆኗል።

የክሎሪን አገልግሎትና የኅብረተሰቡ ጥንቃቄ

ዴቪ ስም ያወጡለት ንጥረ ነገር ከእርሳቸው ሞት በኋላ ለክፉም ለበጎም ውሏል። በሚያዝያ 1915 በቤልጅየም ኢፕር አቅራቢያ የክሎሪን ጋዝ በጦር መሣሪያነት ተለቅቆ ወታደሮችን ፈጅቷል። ከዚያ ከአሥር ዓመት በፊት ግን በ1905 በእንግሊዟ ሊንከን ከተማ የታይፎይድ ወረርሽኝን ለመግታት የመጠጥ ውሃ በክሎሪን ታክሞ ነበር፤ በ1908 ደግሞ የአሜሪካዋ ጀርሲ ሲቲ ውሃዋን ያለማቋረጥ በክሎሪን ማከም ጀመረች። አሠራሩ ከዚያ ወዲህ በዓለም ተስፋፍቶ ታይፎይድንና ኮሌራን በመከላከል የብዙ ሕዝብ ሕይወት አትርፏል።

ክሎሪን ወይም የክሎሪን ውህድ በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሃይፖክሎረስ አሲድ ይፈጠራል። በዚህ አሲድ ውስጥ ክሎሪን ከኦክስጅን ጋር ይተሳሰራል። ትስስሩ ለመፈታት የቀለለ፣ ክሎሪኑም ኤሌክትሮን ለመንጠቅ የተዘጋጀ ስለሆነ የተሕዋስያንን አካል ያፈርሳል። ሥራውን ሲጨርስ ክሎሪኑ በአብዛኛው ወደ ክሎራይድ አዮንነት፣ ይኸውም በጨው ውስጥ ወዳለው የረጋ መልክ ይመለሳል። ከዚህ በመነሣት ኅብረተሰቡ የሚከተሉትን ነጥቦች ልብ ሊል ይገባል።

የመጀመሪያው ጊዜና መጠን ነው። የውሃ ማከሚያ የሚጨመረው በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ሲሆን፣ ውሃው ከመጠጣቱ በፊት ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ሊቆይ ይገባል። ድፍርስ ውሃ አስቀድሞ ይጠለል ወይም ይጥለል፤ በውሃው ያለው ቆሻሻ ክሎሪኑን ስለሚጨርሰው ተሕዋስያኑ ሊተርፉ ይችላሉ። በትክክል በታከመ ውሃ ላይ የሚሰማው ቀላል የክሎሪን ሽታ ለጤና ጠንቅ አይደለም፤ ውሃው ከብክለት መከላከያ እንደቀረለት ያመለክታል።

ሁለተኛው ቅልቅልን የሚመለከት ነው። በረኪናን ከአሲድነት ካላቸው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃዎች ወይም ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀል የክሎሪን ጋዝ ያስነሣል። አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር መቀላቀል ደግሞ መተንፈሻ አካልን የሚጎዱ ሌሎች የክሎሪን ውህዶችን ይፈጥራል። የዴቪን ዓይን የጎዳው ፈሳሽም የናይትሮጅንና የክሎሪን ውህዶች ቤተሰብ አባል ነው። እንዲህ ያለ ቅልቅል በስሕተት ቢፈጠር ወዲያው ክፍሉን ለቆ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት፣ የመተንፈስ ችግር ያጋጠመውን ሰውም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ይገባል።

ሦስተኛው አቀማመጥ ነው። በረኪናና የውሃ ማከሚያ ፀሐይና ሙቀት ሲነካቸው ኃይላቸውን ያጣሉ፤ ስለዚህ በቀዝቃዛና ጥላ ባለው ስፍራ፣ በራሳቸው ዕቃ ተከድነው፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጡ። ወደ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ መገልበጥ ፈጽሞ አይገባም።

አራተኛው ተቅማጥን ይመለከታል። ተቅማጥ ውሃን ብቻ ሳይሆን የሶድየም፣ የፖታሽየምና የክሎራይድ አዮኖችንም ከሰውነት ያወጣል። ኦ.አር.ኤስ. የሚተካው እነዚህኑ ነው። በማሸጊያው በተመለከተው የንጹሕ ውሃ መጠን በትክክል ተበጥብጦ ሊሰጥ ይገባል፤ ውሃው ሲያንስ ጨው በዝቶ ሕፃኑን ይጎዳል፤ ውሃው ሲበዛ ደግሞ ጥቅሙ ይቀንሳል።

በአንዲት የኦ.አር.ኤስ. ከረጢት ውስጥ ዴቪ በ1807 ለመጀመሪያ ጊዜ የለዩአቸው ሶድየምና ፖታሽየም፣ በ1810 ምንነቱን ካስረዱት ክሎሪን ጋር ተዋሕደው ይገኛሉ። ለብቻቸው ቢሆኑ ሁለቱ ብረታ ብረቶች ውሃ ሲነካቸው ይፋፋማሉ፤ ጋዙም ይመርዛል። አንዲት ኤሌክትሮን ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገር ግን እነዚህ አደገኛ ነገሮች የሕፃን ሕይወት የሚያተርፍ ጨው ይሆናሉ።